የሲስተር ጌጤ ዲግሪና የእኔ ጠበል

ስለ ሲስተር ጌጤ እንድነግራችሁ ከፈለጋችሁ አታቋርጡኝ። ካቋረጣችሁኝ እናደዳለሁ፣ ከተናደድኩ ግፊቴ ይነሳል፣ ግፊቴ ሲነሳ የምትለካልኝ ልጅ ደግሞ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ የለችም።

አሰለፈች እባላለሁ። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ ደብረ ታቦር ተድሬ፣ ባሌንም እዚሁ ቀብሬ፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ የምሸጥ ሴት ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ከእኔ ቤት ጋር በጓዳ በኩል የተያያዙ ሁለት ክፍሎች አሉኝ፤ ጌጤ አሥራ አንድ ዓመት የኖረችው እዚያ ነው። ተከራዬ ናት ማለት ነውር ይሆንብኛል። ገበያ ስወጣ ቁልፌን የምሰጣት፣ ስታመም የምታስታምመኝ፣ ስናደድ «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነካዎት?» ብላ የምታስቀኝ ልጅ ነበረች።

የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ናት። ነርስነት በዲፕሎማ ተምራ እዚህ ሆስፒታል ስትመደብ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር። አባቷ ሲሞቱ እናቷን እማማ ለተሥላሴን አምጥታ አብራ አስቀመጠቻቸው። እማማ ለተሥላሴ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጉልበታቸው አይታዘዝም፣ ደረታቸው ብርድ አይችልም። ጌጤ ጧት አጥባ፣ አብልታ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸው ትወጣለች፤ ቀን እኔ አያቸዋለሁ። ስትመለስ ገና ከበር «እማ!» ትላለች፤ የአሮጊቷ ፊት ይበራል። ባል የጠየቃት አልጠፋም። አንዱማ አስተማሪ ነበረ፣ ደህና ሰው። «እናትሽን ዘመድ ይያዝልሽ» አላት፤ የዚያን ዕለት አበቃለት።

በሥራዋ የሚስተካከላት አልነበረም። ደም ሥሩ የጠፋ ሕፃን ሲመጣ «ጌጤን ጥሯት» ነው የሚባለው። ዲግሪ ይዘው የሚመጡትን ልጆች መርፌ አያያዝ የምታስተምራቸው እሷ ናት፤ ዓመት ሳይሞላ አለቃዋ ይሆናሉ። እኔ ይህን ስሰማ ቆሽቴ ያራል። «አንቺ ያስተማርሽው እንዴት አንቺን ያዛል?» ስላት፣ «እሱ ዲግሪ አለው፣ እትዬ» ትለኛለች። ወረቀት! በሽተኛን የሚያገላብጠው ወረቀት ይመስል።

ከነዚያ ልጆች አንዱ ምስጋና ነው። አለቃዋ ሆኖም «እህቴ» ይላታል እንጂ በስሟ አይጠራትም። ነገሩን ያመጣውም እሱ ነው። እዚሁ እንዳትማር ትምህርቱ ከሥራ ሰዓቷ ጋር ይጋጫል፤ ጎንደር ወይ ባሕር ዳር ሄዳ እንዳትማር እናቷን ለማን ትታ? ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ፣ በኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ዲፕሎማዋን ተቀብሎ ዲግሪ የሚያደርግላት ትምህርት ቤት ፈልጎ አገኘላት። ወረቀቱ እዚህ ይሠራ እንደሆነ አስቀድማ ጠይቃ፣ ይሠራል ተብላ ተመዘገበች። እሷ ደብረ ታቦር ተቀምጣ፣ አስተማሪዋ ፈረንጅ አገር ተቀምጦ! እኔማ ሳቅሁባት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኳት።

«ይህቺኛዋ ትታለባለች፣ እትዬ» አለችኝ፤ እሷም እየሳቀች።

መታለቡንስ ታለበች፤ ግን በእንባ ነው። ሁለት ዓመት ነው የተባለው አምስት ዓመት ፈጀባት። አዳር ሠርታ ጧት ትመጣና፣ እናቷን አገላብጣ፣ አንሶላ አጥባ፣ ያንን ላፕቶፕ ትከፍታለች። መብራት ይሄዳል። መብራት ሲመጣ ኔቱ ይሄዳል። አንድ ጊዜማ ጭራሽ ኔት የሚባል ነገር ከአገሩ ጠፋና ወር ወርን ወለደ። ፈረንጆቹ «የት ጠፋሽ?» ብለው ሲጽፉላት እንኳ አታየውም። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አዲስ አበባ ወረደች፣ ሰው ቤት መሬት ላይ እየተኛች የቤት ሥራዋን ልካ መጣች። እኔ ያን ወር እማማ ለተሥላሴን ሳጥብ ሳጎርስ ሰነበትኩ፤ ውለታ መቁጠር አይሁንብኝና አንድም ቀን አላማረርኩም። ፈረንጆቹ አዘኑላትና አንድ ዓመት ጨመሩላት። «ከዚህ ወዲያ ግን አንጨምርም» አሏት።

ስታጠና በግድግዳው እሰማታለሁ። የኩላሊትን ስም በፈረንጅኛ ስትደጋግም፣ እኔም በርበሬ ስደልዝ «ኪድኒ፣ ኪድኒ» ስል ተገኘሁ። ጎረቤት ሰምቶ አሰለፈች ለየላት አለ።

ይህን ጊዜ ነው ምደባ የመጣው። ባለ ዲግሪ ነርስ ሆስፒታል ይቆያል፣ ባለ ዲፕሎማ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወርዳል ተባለ። ለጌጤ የደረሳት ከጉና ሥር ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ጉናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ገብስና ድንች እንጂ ሌላ የማይበቅልበት፣ ፀሐይ ወጥታም የማታሞቅበት አገር ነው። እኔ ጤነኛዋ ለሠርግ ሄጄ አንድ ቀን አድሬበት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው የነጋልኝ። ለእማማ ለተሥላሴ ያ ብርድ ሞት ነው። ሐኪሙም ቁርጡን ነገራት፤ «እናትሽን ይዘሽ ከወጣሽ ክረምቱን አይዘልቁም» አላት። ሥራዋን ትታ እንዳትቀመጥ ሁለቱም በምን ያድራሉ?

የሆስፒታሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። «እስከ ሐምሌ የዲግሪሽን ወረቀት አምጪ፣ ቦታሽን አቆይልሻለሁ» አላት። የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነበር፣ የመጨረሻው። የተጨመረላት ዓመት የሚያልቀውም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል የለም። ጌጤ እናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ፣ «እማ፣ ይቺን ፈተና ካለፍኩ ዲግሪ እይዛለሁ። ዲግሪ ከያዝኩ ካንቺ የሚለየኝ የለም» አለቻቸው። እማማ ለተሥላሴ ዲግሪ የሚበላ ይሁን የሚለበስ አያውቁም። ልጃቸውን የሚያስቀርላቸው ነገር መሆኑ ብቻ ገባቸው። ከዚያ ወዲያ ጸሎታቸው ሁሉ «ዲግሪዋን ስጥልኝ» ሆነ።

ፈተናው ግንቦት ውስጥ ቅዳሜ ቀን ዋለ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት። ሳምንት ሲቀረው ጌጤ አስቀምጣ አስጠነቀቀችኝ።

«እትዬ፣ ፈተናውን የምፈተነው እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ካሜራ ታየኛለች፤ ባሕር ማዶ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእሷ ይጠብቀኛል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከእኔ በቀር ሰው መግባት የለበትም። ድምፅም መሰማት የለበትም።»

«ለምን? ሌባ ነሽ?»

«መልስ የሚነግረኝ ሰው እንዳይገባ ነዋ። እንዳልኮርጅ።»

«በይ ተይው» አልኳት። «እኔ እያለሁ ዝንብ አይገባብሽም።»

ደግሞም ቃሌን ጠበቅሁ! ዋዜማውን ውሻዬን እህቴ ቤት ወስጄ አሰርኩት። አውራ ዶሮዬን ለጎረቤት ሰጠሁ። ከአጥሬ ማዶ የብየዳ ቤት አለ፤ ባለቤቱን ሄጄ፣ «ሦስት ሰዓት ብታርፍ ሰማይ አይደፋብህም፣ እንቢ ካልክ ግን እኔ እደፋብሃለሁ» አልኩት። ሳቀና ዘጋ። ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ወደ ላይኛው ሰፈር ነዳኋቸው። እማማ ለተሥላሴን እኔ ቤት አምጥቼ አልጋዬ ላይ አጋደምኳቸው። አራት ሰዓት ሲሆን ዘነዘናዬን ይዤ የግቢ በር ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጨው ልትበደር የመጣችውን መለስኩ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በመንገዱ ብቅ ሲል ሮጬ ያዝኩት።

«ሰው ሞቷል እኮ፣ እትዬ» አለኝ።

«ይሙት! ከሰባት ሰዓት በኋላ ይሙት!» አልኩት። ሰውዬው ጥሩምባውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ በሌላ መንገድ ሄደ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ሳስታውሰው ሳቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ ልቅሶዬ ይመጣል።

እንግዲህ ጠበሉን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት በሚኒባስ አዲስ ዘመን ከተማ ሄጄ፣ ጣራ ገዳም ያንን ዳገት ወጥቼ፣ በሃይላንድ ጠበል ቀድቼ መጥቻለሁ። ፈተናው ሳይጀመር ልረጫት ነበር ሐሳቤ። በውሻውና በዶሮው፣ በብየዳውና በልጆቹ ስዋከብ ረሳሁት። አምስት ሰዓት ተኩል ግድም ይሆናል፣ እማማ ለተሥላሴን ውኃ ላጠጣቸው ብገባ፣ «አሰለፈች፣ ጠበሉን ረጨሽላት?» አሉኝ።

ክው አልኩ።

«አልረጨሁም፣ እማማ።»

«ውይ ልጄን! ያለ ጠበል ገባች? አንቺ፣ ዛሬ እኮ ነው ቁርጧ!» ብለው እነዚያ የማያዩ ዓይኖቻቸው እንባ ሞሉ።

ምን ላድርግ? ቆሜ አሰብኩ። አይዟችሁ፣ ሳላስብ የገባሁ እንዳይመስላችሁ፤ አስቤ ነው የገባሁት፣ ጥፋቱም እሱ ነው። መልስ የሚነግራት ሰው እንዳይገባ ነው ያለችኝ። እኔ ማይም ነኝ። ስሜን እንኳ በጣቴ ነው የምፈርመው። እኔ ለነርስ ምን መልስ ልነግራት? ካሜራው ቢያየኝስ፣ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አጣፍታ ጠበል ስትረጭ ቢያይ ምን ይላል? ፈረንጅም ክርስቲያን ነው። ድምፅ የተባለውን ደግሞ ድምፄን አላሰማም። እንዲህ አልኩና ጫማዬን አውልቄ፣ ሃይላንዷን ይዤ፣ በጓዳው በር በኩል ከጀርባዋ ገባሁ።

ጌጤ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች። ኮቴዬን ሰምታ ዞር ስትል ዓይኗ ፈጠጠ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ አይዞሽ አልናገርም አልኳት። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፤ አቡነ ዘበሰማያትን በለሆሳስ ጀመርኩ፣ ከከንፈሬ አይወጣም። ጌጤ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየች። ከዚያ አንገቷን ደፋች። መዳፏን ዘረጋች። ራሷ ላይ ሦስቴ ረጨኋት፣ ግንባሯን አበስኩላት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጨምሬ ደገምኩላት፤ ቸኩዬ ሳላጎድል፣ በሥርዓቱ። ጨርሼ እንደ አገባቤ ኮቴዬን አጥፍቼ ወጣሁ። «ረጨኋት» ስላቸው እማማ ለተሥላሴ እልል ሊሉ ነበር፣ አፋቸውን ያዝኳቸው።

ሰባት ሰዓት ላይ ጌጤ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ይመስገን» አለችኝ፤ ሌላ ነገር አልወጣትም። ደክሟት ነው ብዬ ምሳ አቀረብኩላት። አልበላችም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ «እማ!» አላለችም። በሩ ላይ ቆመች።

«ውጤቱ መጣ እንዴ?» አልኳት።

«ወደቅሁ፣ እትዬ።»

ወይ እኔ አፈር ልብላ! ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ብታውቁት። አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርጊ ኖርሽ አልኳት። እኔ እናትሽን ሳጥብ አንቺ ኮምፒውተሩ ላይ ተኝተሽ ነበር ወይ አልኳት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!» አልኳት፣ ጎረቤት እየሰማ። «ጠበሉ እንኳ አላነቃሽም!» አልኳት። ጠበሉን ጠቀስኩላት፣ ይታያችሁ? በዚያው ንዴት ራሴን አዞረኝና ወደቅሁ።

ግፊቴ ሁለት መቶ ገባ። አሥር ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። በነዚያ አሥር ቀናት ማን አስታመመኝ? ጌጤ። ጧት ማታ ትለካኛለች፣ መድኃኒቴን ታውጠኛለች፣ አጥሚት ታጠጣኛለች። «እትዬ፣ ነገር አያብሰልስሉ፤ አሁን አንድ ትንሽ ድንጋጤ እንኳ አይሆንዎትም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ትንሽ ሻል ባለኝ ቁጥር «ሰነፍ» እላታለሁ።

ሐምሌ መጣ፣ ወረቀቱ አልመጣም። ጌጤ ዕቃዋን በአንድ ሻንጣ ከተተች። እናቷን ይዛ እንዳትወጣ ይሞቱባታል፣ ጥላ እንዳትሄድ አንጀቷ አይችልም። እኔው «እዚሁ ይቆዩልሽ» አልኳት። ለእማማ ለተሥላሴ «ለሥራ ነው እማ፣ እመለሳለሁ» አለቻቸው። መውደቋን አልነገረቻቸውም። አሮጊቷ እጇን ይዘው አንለቅም አሉ፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በወር አንዴ ትመጣ ነበር። በኋላ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ፈቃድ ሲገኝ ሲጠፋ፣ ከመስከረም እስከ ጥር አንድ ቀን ብቻ ነው ያየናት።

ጥር ላይ ምስጋና የእማማ ለተሥላሴን ደረት ሊያይ መጣ። ሳል ብሶባቸው ነበር። አዳምጦ ሲጨርስ ጓዳ ወስጄ ብሶቴን ዘረገፍኩበት። «ያቺ ጓደኛህ ትንሽ ብታጠና ኖሮ ይህች አሮጊት እንዲህ አትሆንም ነበር» አልኩት።

ምስጋና ዝምተኛ ልጅ ነው። የዚያን ቀን ግን ደም ሥሩ ተገታተረ።

«እትዬ፣ ጌጤ አልወደቀችም። ከመቶ ሰማንያ ስድስት አምጥታለች። ፈተናው የተሰረዘባት ሰው ገብቶባት ነው።»

«ማን አባቱ ነው የገባው? እኔ በር ላይ ተቀምጬ?»

አየኝ። አየኝና አንገቱን ሰበረ። «አንቱ ነዎት፣ እትዬ። የሚያውቁ መስሎኝ ነበር።»

ደብዳቤውን እሱም አንብቦታል። ከተፈታኟ ጀርባ ነጠላ የለበሱ ሴት ቆመው ለአራት ደቂቃ ያህል በማይታወቅ ቋንቋ ሲያንሾካሹኩ፣ ተፈታኟም አንገቷን ደፍታ ስታዳምጥ ታይታለች ይላል አሉ። የማይታወቅ ቋንቋ! አቡነ ዘበሰማያት እኮ ነው! አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

ከዚህ የባሰ አይመጣም ስል የባሰው መጣ። ጌጤ አቤት ብላ ነበር። ፈረንጆቹም በራቸውን አልዘጉባትም፤ «የገቡት ሴት ማን እንደሆኑ፣ ምን ይሉ እንደነበር ራሳቸው ቃላቸውን ሰጥተው ይፈርሙና በአሥር ቀን ውስጥ ይድረሰን» ብለዋታል። የእኔን አውራ ጣት ነው የፈለጉት። ምስጋና ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ የጣት ቀለም እንኳ ይዞ መጥቶ ነበር። ጌጤ በር ላይ መለሰችው። «ግፊታቸው ሁለት መቶ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብለው ካወቁ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ይፈሳል። አልጠይቃቸውም» አለችው። እሱ ለመናት። አንድ ቀን እንጠብቅ፣ ሁለት ቀን እንጠብቅ ሲሉ፣ የእኔ ግፊት አልወርድም ሲል፣ አሥሩ ቀን አለቀ። ግፊቴን ማን አነሳው? በእሷ ላይ የጮህኩት ጩኸት ነው የራሴን ጣት ያሰረብኝ።

በማግስቱ ደብዳቤ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። «እኔ አሰለፈች፣ ጠበል ልረጭ ገብቼ ጸሎት አደረስኩ እንጂ አንድም የትምህርት ነገር አልነገርኳትም፣ ማንበብም አልችል፣ ብዋሽ ቁርባኔ ይፍረድብኝ» አስብዬ አስጻፍኩ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ እንዳይደበዝዝ ሦስቴ አተምኩ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩና እማማ ለተሥላሴን ለእህቴ አደራ ሰጥቼ ጉና ወጣሁ፤ እስከ መንገዱ ማለቂያ በመኪና፣ ከዚያ በተከራየሁት በቅሎ። ሰው በዚህ ዕድሜሽ ቢለኝ በማንም ላይ ጮህኩ።

ጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ቤት ነው። ጌጤ ነጭ ልብሷ ላይ ጋቢ ደርባ ሕፃን ትከትባለች። ፊቷ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ስታየኝ ደነገጠች፤ «እማ?» አለች መጀመሪያ።

«ደህና ናቸው» አልኳትና ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ስትጨርስ የሕፃኑን እናት ሸኘች፣ በሩን ገጠም አደረገች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ላኪላቸው» አልኳት። «እኔ ነኝ በይ። ከፈለጉ ራሴ ሄጄ እምልላቸዋለሁ።»

«ቀኑ አልፏል፣ እትዬ።»

«ይለፋ! ቀኑን ያወጣው ሰው አይደል?»

«ሰባት ወር ሆነው። ስሜን ከመዝገብ አውጥተውታል። ብገባ እንደገና ከሀ ነው።»

«ከሀ ጀምሪያ!»

«እዚህ ኔት የለም» አለችኝ፤ እንደ ተራ ነገር። ወረቀቱን አጥፋ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ያን ጊዜ ያንገበገበኝን ጠየቅኋት። «እሺ ያን ቀን ገና ስገባ፣ ለምን ውጡልኝ አላልሽኝም? ሕጉን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አንድ ቃል ብትናገሪኝ እኮ እወጣ ነበር!»

«ጠበል ይዘው አቡነ ዘበሰማያት እያሉ ቆመውብኝ፣ ውጡ ማለት አቃተኝ» አለች። «አንገቴን ብደፋላቸው ቶሎ ይጨርሳሉ አልኩ። እርስዎ ደግሞ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ጨመሩ።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ያኔውኑ ነው ይቅር ያልኩዎት አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁን ቢሆንስ?» አልኳት፤ ምን አስጠየቀኝ።

«አሁን ቢሆን አስወጣዎት ነበር» አለችኝ። ተነስታ ረጋ ብላ መሣሪያዋን ከቦርሳው አወጣች፣ ግፊቴን ለካች፣ «ቀንሷል፣ መድኃኒትዎን አያቋርጡ» ብላ እስከ በቅሎዬ ሸኘችኝ። ለእናቷ የላከችው ግማሽ ከረጢት ድንች ነው።

ቤቴ ስደርስ እማማ ለተሥላሴ አልጋዬ ላይ ናቸው። ሳሉ ወገባቸውን ሰብሮታል፣ ከሰው ጋር ብዙም አይናገሩም። ኮቴዬን ሲሰሙ ግን ቀና አሉ።

«አሰለፈች፣ ልጄን አየሻት?»

«አየኋት፣ እማማ።»

«ያንን ነገር ያዘች? ዲግሪውን?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እነዚያ ጣቶች ነጠላዬን ጨብጠዋል።

«ይዛለች» አልኳቸው።

«ተመስገን! ተመስገን አንተ አምላክ!» አሉና ፊታቸው እንደዚያ ዘመን በራ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፀጉራቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ታዲያ ምን በር ላይ ታቆሚያታለሽ? አስገቢያት እንጂ!»